ዳንቴሉ አይሸጥም

እህቶቼ፣

ኅዳር ሲገባ፣ የጅዳ ሙቀት ሲረግብና ማታ ማታ ከባሕሩ በኩል ነፋስ ሲመጣ፣ አንድ ምክር አብሮ ይመጣል። «የብርዱን ወራት በእጅ ሥራ አሳልፉት፤ ቀላል ነው፣ ወጪ የለውም፣ ሸጣችሁም ትጠቀማላችሁ» ይሉናል። በስብሰባ ይነገራል፣ በስልክ ይላካል፣ አገር ቤት ለተመላሾች በሚሰጠው ሥልጠናም ይደገማል። የምክሩን ግማሽ እወደዋለሁ። በእጅ መሥራት ደስ ይላል፤ በርካሽ ነገር፣ እንዲያውም በተጣለ ነገር መሥራት ይቻላል። «ሸጣችሁ ትጠቀማላችሁ» የሚለውን ግማሽ ግን አልቀበለውም። ይህን የምጽፈውም እሱን ለመቃወም ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። በዚህ ብርድ እያንዳንዳችን የምንሠራው የመጀመሪያው ዕቃ የራሳችን ይሁን። ለማዳም አይሁን፣ ለባዛር አይሁን፣ አገር ቤት «ምን ላክሽልኝ» ለሚለን ሰውም አይሁን። አንዱን ሠርተሽ፣ ተጠቅመሽበት፣ የኔ ነው ስትዪ፣ ያኔ ስለ ሁለተኛው እናወራለን።

በቃሉ እንስማማ መጀመሪያ። እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ነው፤ ጭቃውን፣ ጉሙን፣ እሳት ዳር መቀመጡን። እዚህ «ሺታ» የሚሉት አገራችን በጋ ሲሆን የሚመጣው ነው። ሪያድ፣ ተቡክና አብሃ ያላችሁ እህቶች ብርድ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ቤሩት ሆናችሁ በረንዳ ላይ የምትተኙትማ አይነገርም። ጅዳና መካ ላይ ግን በጥር እንኳ ቀኑ ሞቃት ነው። የኛ ብርድ ከሰማይ አይመጣም፤ ከመከይፉና ከሴራሚኩ ነው የሚመጣው። ሌሊቱን ሙሉ መከይፍ ሲነፋበት ያደረ ወለል ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ለፈጅር ለሚነሱት ሻይ ያፈላች ሴት ጉልበቷ ላይ የሚቀመጠውን ብርድ ታውቀዋለች። እንግዲህ ስለ ብርድ ወራት የእጅ ሥራ ስናወራ ከዚያ ወለል እንነሳ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላት አብራኝ ትጻፍ።

አንድ መካከለኛ የጠረጴዛ ዳንቴል፣ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት እየሠራሽ፣ አንድ ወር ፈጀብሽ እንበል። 60 ሰዓት ነው። ለክሩ 30 ሪያል አወጣሽ። ወዳው የገዛችሽ ሴት 120 ሪያል ሰጠችሽ እንበል፤ ይሄ ጥሩ ገዢ ተገኝቶ ነው፣ «ከቻይና የመጣው በ20 ሪያል አለ» እያሉ የሚከራከሩት ይበዛሉ። ክሩን ስትቀንሺ 90 ሪያል ቀረሽ። ለ60 ሰዓት ስታካፍዪው በሰዓት አንድ ሪያል ተኩል ነው።

የቤት ሥራችንን ደመወዝ ደሞ እንይ። ብዙዎቻችን በ1,000 ሪያል ነው የመጣነው። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ብትሠሪ 260 ሰዓት ይሆናል፤ በሰዓት 3 ሪያል ከ85 ሃላላ ገደማ ይደርስሻል። እንደዚያ የምትሠራ ስንት አለች ትዪኝ ይሆናል። እሺ፣ በቀን 16 ሰዓት፣ አንድም ቀን ሳታርፍ 30 ቀን የምትሠራዋን እንውሰድ። 480 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 2 ሪያል ከ8 ሃላላ። እዩት እንግዲህ። ጉልበቷን እስከ መጨረሻው የተበዘበዘችው እህታችን እንኳ፣ ዳንቴል ሸጣ ከምታገኘው የተሻለ በሰዓት ታገኛለች። ይህን ነው «ትጠቀማላችሁ» የሚሉን። የምናማርርበትን ደመወዝ በሌሊት፣ በገዛ ዓይናችን ድካም፣ ከዚያ ባነሰ ዋጋ ደግመን እንድንሸጠው ነው የሚመክሩን።

በዚህ ላይ ሕጉ አለ። እዚህ አገር በኢቃማሽ ላይ ከተጻፈው አሠሪ ውጪ ለራስሽ መነገድ ጥፋት ነው። ቅጣቱ ከገንዘብ አልፎ እስከ እስራትና ከአገር መባረር ይደርሳል። ባብ መካ ወይም ባብ ሸሪፍ ጨርቅ ዘርግታ ስትሸጥ የተያዘች ሴት ስለ ዳንቴሏ አትጠየቅም፣ ስለ ኢቃማዋ ነው የምትጠየቀው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከጅዳ ወደ መካ ሲኬድ ሹሜሲ ላይ ያልፋል። ለ90 ሪያል ብለሽ ተርሂል እንድትገቢ የሚመክርሽ ሰው፣ ቢያንስ ይህን አብሮ ሊነግርሽ ይገባ ነበር።

አገር ቤት ያለውም ሥልጠና ከዚህ አይሻልም። ከስደት የተመለሰችውን ልጅ ለጥቂት ሳምንት ጥልፍ ወይም ሹራብ ያስተምሯታል፣ ፎቶ ያነሷታል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጧታል፣ «ሥራ ፈጣሪ» ይሏታል። ክር የምትገዛበት የላትም፣ የምትሸጥበት ቦታ የላትም፣ ሰፈሯ ያለው ሰው ሁሉ ዳንቴል የሚችል ነው። ከዚያ ገበያው እምቢ ሲላት ጥፋቱ የሷ ስንፍና ይሆናል። ነገሩን እንዲህ አድርጎ በሷ ላይ ማላከክ ነውር ነው እላለሁ።

ሸጣ የምትኖር ባለሙያ የለችም አላልኩም። እጇ የተባረከ፣ ወረቀቷ የተስተካከለ፣ ዋጋዋን የሚያውቅ ደንበኛ ያላት ሴት ትሽጥ፤ ሰዓቷን ቆጥራ ታስከፍል፤ እኔም አጨበጭብላታለሁ። የምቃወመው ይህን የጥቂቶች ነገር ለሁላችን መድኃኒት አድርጎ ማቅረቡን ነው።

ወደ ማዳም ልምጣ። በእጅሽ አንድ ነገር ስትሠሪ ካየችሽ ወሬው በዚያ አያበቃም። አንድ ቤት ስሠራ ለራሴ ጆሮ መሸፈኛ ቆብ በኪሮሽ እሠራ ነበር። ማዳም አየችው፣ «ማሻአላህ» አለች፣ ወደደችው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ካርቶን ሙሉ ክር አምጥታ ለመጅሊሱ ትራስ ልብስ አዘዘችኝ። ትራሱ 12 ነው። ከዚያ እህቷ መጣች፤ ለእሷም። ምግብ ሠርቼ፣ ሳህን አጥቤ፣ ልጆች አስተኝቼ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ለሁለት ቤት ዳንቴል መሥራት ጀመርኩ። አንድ ሃላላ አልተጨመረልኝም። ክሩን የገዛችው እሷ ስለሆነች ሥራውም የሷ ነው ብላ ነው የምታምነው። እጄንም የገዛችው መሰላት።

እህቴ ሆይ፣ ኮንትራትሽ ላይ ዳንቴል የለም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት ይገባሻል ይል ነበር። ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ ደንብ ደግሞ ሥራሽ በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት ተከታታይ 24 ሰዓት እንድታርፊ ይደነግጋል። ደንቡ የት ቤት ይከበራል የሚለው ሌላ ጦርነት ነው፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ ያለውን እንወቅ። ዳንቴል ታዘዢ የሚል ቃል የትም የለም። «ሥሪልኝ» ካለችሽ ከሁለት አንዱን በዪ። ወይ በቅድሚያ ዋጋ ተነጋገሪ፣ በሰዓት አስቢው፣ ገንዘቡን ከደመወዝሽ ለይተሽ ተቀበዪ። ወይ ደግሞ «ማ አዕረፍ ያ ማማ፣ ይቺን አንዷን ብቻ ነው የምችለው» በዪ። ዓይኔን ያመኛል ማለትም ይቻላል። ከሁሉ ግን የሚሻለው፣ የራስሽን ሥራ ክፍልሽ ውስጥ ሠርተሽ ክፍልሽ ውስጥ መተው ነው። የራሷ ክፍል ለሌላት፣ የራሷ ከረጢት ይበቃታል።

በኛው በኩል ያለውንም ዝም አልለውም። «ተቀምጣ ክር የምትቋጥር ሥራ ፈት» የምንባባለው እኛው ነን። የሐዋላ ደረሰኝ የማይወጣበት ሰዓት ሁሉ የባከነ ይመስለናል። ገንዘብ ያልላክንበት ጊዜ፣ ገንዘብ ያላመጣ እጅ፣ የሚያሳፍረን ሆኗል። ይህን ማን አስተማረን? እናቶቻችን እንዲህ አላሉንም። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በኛ አገር መስከረም ሲጠባ ሴት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ስንደዶ ለመልቀም ትወጣለች። ስንደዶውን ታደርቃለች፣ ቀለም ነክራ አለላ ታደርገዋለች፣ ከአክርማው ጋር በወስፌ እየወጋች ትሰፋዋለች። የምትሰፋው የራሷን ነው። ስታገባ ይዛው የምትገባው ሞሰብ፣ ግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለው ሰፌድ የሷ ስም ያለበት ንብረት ነው። ባል ቤቱን ሊሸጥ ይችላል፣ ሞሰቡን ግን ማን እንደሰፋው አገር ያውቃል። እስላም ክርስቲያን ሳይል በየቤቱ የነበረ ነገር ነው። ዳንቴልም ቢሆን ቃሉ ከፈረንሳይ የመጣ የውጭ እንግዳ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ስኳር ዕቃው ላይ፣ ሶፋው ላይ አልብሰን የራሳችን ያደረግነው እኛ ሴቶች ነን። እንዲህ ያለ ነገር ሲሠሩ ያደጉ እጆች እንዴት ነው «ሥራ ፈት» የሚባሉት?

ነካሳ ስኖር ያየሁትን ልጨምር። ነካሳን የማታውቁት፣ መካ ውስጥ ከሐረሙ ወደ ደቡብ ያለ፣ ከበርማ የመጡ ቤተሰቦች ለብዙ ዓመት የኖሩበት፣ ከየአገሩ የመጣው ስደተኛም የተጠጋበት ጠባብ ሰፈር ነበር። ጎረቤቴ የበርማ ሴት ነበረች። አሮጌ ቀሚስና አንሶላ ደራርባ፣ በረጅሙ በመርፌ እየሰፋች ብርድ ልብስ ታደርግ ነበር። ሰው ሲለምናት ትሠራለች፣ ታስከፍላለችም። ግን አንድ ሕግ ነበራት፤ በየዓመቱ የመጀመሪያው የራሷ አልጋ ላይ ነው የሚነጠፈው። «እኔ እየበረደኝ የሰው ብርድ ልብስ አልሰፋም» ትል ነበር በተሰባበረ ዓረብኛ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ጅዳ ውስጥ ጉለይል፣ ፔትሮሚንና ከረንቲና ሲፈርሱ የመካው ነካሳም አልቀረለትም። ሰው የያዘውን ይዞ ተበተነ። ፍሪጁን መሸከም አይቻልም፣ አልጋውን መሸከም አይቻልም። ዕቃዋን ጠቅልላ ያሰረችው በዚያ በሰፋችው ብርድ ልብስ ነው። ለሌሎች የሠራቻቸው አብረዋት አልሄዱም።

የእጅ ሥራ ርካሽ ነገር ነው የሚል ካለ ደሞ፣ መካን ይመልከት። ኡሙል ጁድ የካዕባ ኪስዋ የሚዘጋጅበት ተቋም አለ። ለአንዱ ኪስዋ ወደ 670 ኪሎ ሐር፣ ወደ 120 ኪሎ የወርቅ ቅብ ክርና ወደ 100 ኪሎ የብር ክር ይገባበታል። ጽሑፉን በእጃቸው የሚጠልፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ደመወዝ አላቸው፣ ክብር አላቸው፣ የሥራ ሰዓት አላቸው። የበደዊን ሴቶች የሚሸምኑት ሳዱ በ2020፣ የዓሲር ሴቶች ግድግዳ ላይ የሚሥሉት ቀጥ በ2017 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። የአገሩ የባህል ሚኒስቴር 2025ን «የእጅ ሥራ ዓመት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ቅናት አይደለም የያዘኝ፤ ይገባቸዋል። የምለው እጅ እዚህ አገር ዋጋ እንዳለው በግልጽ ይታወቃል ነው። ርካሽ የተደረገው የኛ እጅ ነው። እንግዲህ እኛም በሰዓት ሪያል ተኩል አንድ ብለን አናርክሰው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ዝም ብዬ አትሽጡ ብቻ ብዬ አልሄድም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከምትሠሪበት ቤት ምንም ነገር፣ የተጣለም ቢሆን፣ ሳትጠይቂ አትውሰጂ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የተገኘ ቲሸርት «ሰረቀች» ለማለት በቂ የሆነበት ቤት አለ። «ማማ፣ ይሄን ልውሰደው?» በዪ፤ ከተቻለ በድምፅ መልእክት ይሁን፣ መልሱ ስልክሽ ላይ ይቅር። አለበለዚያ የራስሽን አሮጌ ልብስ ተጠቀሚ፣ ወይም መውጣት የምትችል እህት ከአቡ ሪያለን ሱቅ ክር፣ ከሐራጅ ሰዋሪኽ አሮጌ ሹራብ ታምጣልሽ።

የመጀመሪያው የእግር ምንጣፍ ነው፣ ለዚያ ለሴራሚኩ። ሦስት ወይም አራት አሮጌ ቲሸርት ይበቃል። ከብብቱ በታች ያለውን ቁረጪና ዙሪያውን በሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሳታቋርጪ እያዞርሽ ቁረጪው። ሳብ ስታደርጊው ጠርዙ ይጠቀለልና ወፍራም ክር ይሆናል። ሦስቱን እንደ ሹሩባ ጎንጉኚ። ከዚያ ጉንጉኑን መሬት ላይ አስቀምጠሽ እንደ እንጀራ አዙሪው፤ እንጀራ ከዳር ወደ መሐል ነው የሚዞረው፣ ይሄ ግን ከመሐል ወደ ዳር ነው። እያንዳንዱን ዙር ካለፈው ዙር ጋር በጠንካራ ክር ስፊው። ክሩን አታጥብቂው፤ ካጠበቅሽው እንደ ቆብ ወደ ላይ ይነሳብሻል። 50 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ቁሚበት። ማጠቢያው ሥር ወይም አልጋሽ አጠገብ አንጥፊው። ሴራሚኩ ላይ እንዳያንሸራትትሽ ሥሩ ላይ ቁራጭ የጎማ ምንጣፍ ስፊበት።

ሁለተኛው የፌስታል ዘንቢል። ፌስታሉን አስተካክለሽ ዘርጊ፣ እጀታውንና ታቹን ቆርጠሽ ጣዪ፣ የቀረውን በሦስት ሳንቲ ሜትር ቁረጪው። ቀለበት ቀለበት ይወጣል። አንዱን ቀለበት ባንዱ ውስጥ አሾልከሽ ሳብ አድርጊው፣ ይቋጠራል፤ እንዲህ እያልሽ ረጅም ክር ታገኛለሽ። በወፍራም ኪሮሽ ይሠራል። ኪሮሽ ከሌለሽ ጣትሽም ኪሮሽ ነው፤ ቋጠሮውን በጣትሽ እየሳብሽ ትሄጃለሽ። ለገበያ ዘንቢል 40 ወይም 50 ፌስታል ይፈልጋል። ስፌት የምትችል ደግሞ ከሩዝ ጆንያ የተመዘዘውን ክር በፌስታል ጥቅል ላይ እየጠመጠመች፣ በወስፌ ፈንታ በወፍራም መርፌ እየወጋች፣ ትንሽ ሞሰብ መስፋት ትችላለች። አገር ቤትም ስንደዶ ሲጠፋ በማዳበሪያ ክር የሚሰፉ ሴቶች አሉ። ጫፉን በእሳት አታቃጥዪው፤ ጭሱ መጥፎ ነው፣ ቤቱም የሰው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የምወደው ነው፤ የሰነድ ኪስ። የባስማቲ ሩዝ የሚመጣበት ጠንካራ የጨርቅ ከረጢት አለ። ከእሱ 15 በ38 ሳንቲ ሜትር ቁረጪ። 15 ሳንቲ ሜትር ያህሉን ወደ ላይ አጥፈሽ ግራና ቀኙን ስፊ፤ የተረፈው ክዳን ይሆናል። ክዳኑ ላይ ቁልፍ ትከዪበት፣ ከላይ ጠፍጣፋ ማሰሪያ አድርጊለት፣ በልብስሽ ሥር ወገብሽ ላይ ይታሰር። ውስጡ የሚገባውን በሚቆለፍ ፌስታል አድርጊው፤ ጅዳ ላይ ዝናብ አይመጣም፣ ሲመጣ ግን በጎርፍ ነው። ኅዳር 2009 (እ.ኤ.አ.) ከመቶ በላይ ሰው የሞተበትን፣ ኅዳር 2022 ላይም ከተማው የተጥለቀለቀበትን አትርሱ። ውስጡ የሚገባው የፓስፖርትሽና የኢቃማሽ ፎቶ ኮፒ፣ የኮንትራትሽ ኮፒ፣ በእጅሽ የተጻፈ የቤተሰብና የጓደኛ ስልክ ቁጥር ነው። ስልክ ሊቀማ ይችላል፤ የወረቀት ቁጥር ግን ያወጣሻል። ፓስፖርትሽን አሠሪ ይዞ ማስቀመጡም በአገሩ ሕግ የተከለከለ መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውስ። ይህን ኪስ ለመስፋት ሁለት ማታ ይበቃል፣ ወጪው መርፌና ክር ነው። በሪያል የሚተመን ዕቃ አይደለም።

አራተኛው አሮጌ ሹራብ መተርተር ነው። ቤት ለተቆለፈባችሁና ሱቅ መሄድ ለማትችሉ ይሄ ይሻላል። ሹራቡን ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። በኦቨርሎክ ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ ተዉት፣ ቁርጥራጭ ክር ብቻ ነው የሚወጣው። ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ስፌቱን ፍቱ፣ ከአንገቱ በኩል ጀምራችሁ ተርትሩት፣ የወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥሙት፣ ውኃ ርጭት አድርጋችሁ እስኪደርቅ ተዉት። መጠማዘዙ ይጠፋል። ከአንድ ትልቅ ሹራብ የአንገት ልብስና ተረከዝ የሌለው ቀጥ ያለ ካልሲ ይወጣል። ተረከዝ የሌለው ካልሲ ለጀማሪ ቀላል ነው፤ አንዱ በኩል ሲሳሳ ዞር አድርጎ መልበስ ነው።

«እኔ እንቅልፍ እንኳ አልጠገብኩም፣ አንቺ ካልሲ ትዪኛለሽ» የምትለኝ እህት አለች። ልክ ነሽ። ዘጠኝ ሰዓት የማያሳርፉሽ ከሆነ ኪሮሹን ጣዪና ተኚ። የእጅ ሥራ የዕረፍት ምትክ አይደለም፣ የመብትም ምትክ አይደለም። ዶቃ እየሰካን ጭንቀታችንን እንድንረሳ የሚፈልጉ አሉ፤ ደመወዟ ለስድስት ወር ያልተከፈላት ሴት ዶቃ አያስፈልጋትም፣ ደመወዟ ነው የሚያስፈልጋት። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እጄ የሚሠራው ሁሉ የሰው ነው። የማበስለውን አልበላውም፣ የማጥበውን አልለብሰውም፣ የማነጥፈው አልጋ ላይ አልተኛም። በሳምንት አንድ ሰዓት እጄ ለኔ ከሠራ፣ ያ ሰዓት የኔ መሆኑን ሰውነቴ ያውቀዋል። ይህን ያወቀች ሴት ደግሞ «ዓርብ ዕረፍቴ ነው» ለማለት አፏ አይተሳሰርም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ወደ ብርዱ ወራት ገብቷል። ረመዳን ለኛ የኩሽና ወር እንደሆነ እናውቃለን። ከዚያ በፊት ያሉትን ጥቂት ሳምንታት ለባዛር አናውላቸው።

ከማኅበራችን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የእጅ ሥራ ዝግጅት ስናደርግ የመጀመሪያው ዕቃ ለሠሪዋ ይሁን፤ የማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ ለሽያጭ አይቅረብ። ሁለተኛ፣ የሚሸጥ ካለ ዋጋው በሰዓት ይታሰብ፤ ሰዓቱም ዕቃው ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። «60 ሰዓት» የሚል ወረቀት ያለበትን ዳንቴል በ80 ሪያል የሚከራከር ሰው ቢያንስ ምን እያለ እንደሆነ ይወቅ። ሦስተኛ፣ ለአዲስ መጭዎች ሁሉ የሰነድ ኪስ አብረን እንስፋ፤ ለእሷ የሚሰጥ ሳይሆን እሷ ራሷ መርፌ ይዛ የምትሰፋው ይሁን፣ እየሰፋችም ኮንትራቷ ላይ ያለውን እናንብብላት።

አንዳንዷ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለች ለጋራ ባዛሩ ትከራከረኝ ይሆናል። እኔም በተረቱ አምናለሁ። ግን ድሩ መጀመሪያ የራሱ ይሁን እንጂ፣ ተፈትሎ ሳያልቅ የተሸጠ ድር ከማን ጋር ነው የሚያብረው?

በሐሳቡ የማትስማሙ ጻፉ፤ መጽሔቱ የሁላችን ነው። እስከዚያው መቀስና አሮጌ ቲሸርት ያላት ዛሬ ማታ ትጀምር፣ እንቅልፍ የጎደላት ደግሞ ትተኛ።